ቢጫው ማሳና ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ልኮ የሚያውቅ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል። ልጅቷን የሚፈልገው ሰው አብሮ አይሄድም። ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል፤ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱም ፊታቸውን አይቶ ዕድሉን ይገምታል። እኔ ግን በራሴ ሽምግልና ላይ ተገኝቻለሁ። መገኘት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጭቃ ላይ ተንበርክኬ፣ እጄን በዋልካ አፈር ለውሼ፣ በልጅቷ አባት ፊት ስለ ሽምብራ ሥር ንግግር አድርጌያለሁ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ላጫውታችሁ።

ያን ጊዜ በፎገራ ሜዳ የአንድ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። የአንበሳሜ ልጅ ነኝ፤ ወረታ ከተማ ከጋሽ ሰይድ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሽ ሰይድ ብትን ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ሱቁ ጭር ሲል ደግሞ በእኔ ወንደላጤነት ላይ ይቀልዳሉ። ገበሬ ሰብስቤ ስናገር አፌ አይዘጋም። ሴት ልጅ ፊት ስቆም ግን ምላሴ ይታሰራል። እኩዮቼ ሁሉ ትዳር ይዘው እኔ ከመሥሪያ ቤት ሞተር ብስክሌት ጋር ብቻ ቀረሁ።

ዝናሽን ያወቅኋት በሥልጠና ላይ ነው። ሩዝ ከተነሳ በኋላ መሬቱ ውስጥ በሚቀረው እርጥበት ሽምብራ ስለመዝራት እያስረዳሁ ነበር። ከዘሩ ጋር የሚለወስ ጥቁር ዱቄት አለ፤ ሕያው ማዳበሪያ እንለዋለን። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱ ከሽምብራዋ ሥር ጋር ተስማምተው ከአየር ላይ ምግብ ይሠሩላታል። ይህን ስናገር ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አነሳች።

«ሕያው ከሆነ፣ እስኪዘራ ድረስ ምን ይበላል?»

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። መለስኩላት። በሳምንቱ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች፤ በሌላው ሳምንት ደግሞ ሌላ። የጥያቄ ምንጭ ነበረች። እኔም ሞኙ፣ ልጅቷ ባክቴሪያ ወዳ ነው ብዬ አመንኩ። ጋሽ ሰይድ ይህን ስነግራቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሜትር እንጨታቸውን ጣሉ።

አባቷ አያ መኳንንት ይባላሉ። ቤታቸው ወደ ይፋግ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ነው። በሩዛቸውና በላሞቻቸው የሚኮሩ፣ ሲቆጡ የሚያስደነግጡ ሰው ናቸው። ዝናሽ ለምና ለምና ዘሩን በጥቁሩ ዱቄት እንዲለውሱ አደረገቻቸው። ራሷ ጥላ ሥር ተቀምጣ በስኳር ውኃ አዋህዳ ለወሰችው፤ ፀሐይ ሳይነካውም ተዘራ። እኔ ያስጠነቀቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዩሪያ የሚባለውን የፋብሪካ ማዳበሪያ እንዳይጨምሩበት ነገርኳቸው። እሳቸውም «እሺ» አሉኝ። የሩዝ ገበሬን «ዩሪያ ተው» ማለት ግን ጉንዳንን «ስኳር ተው» እንደማለት ነው።

እንግዲህ ድፍረቴ መጣና ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ነበሩ፦ የሰፈሩ ቄስ አዱኛ፣ አከራዬ ጋሽ ሰይድ፣ ከአንበሳሜ ድረስ የመጣ ጫኔ የሚባል አጎቴ። አጎቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ሆዱ ነው። ሽማግሌ ደግሞ «ተቀመጡ» ተብሎ ጉዳዩ እስኪሰማለት ድረስ አይቀመጥም፤ ካልተቀመጠም አይቀምስም። የገና ጾም ገብቶ ስለነበር ከአያ መኳንንት ጓዳ የሽምብራ ቆሎ ሽታ ይወጣ ነበር አሉ። አጎቴ ያን ቀን የደረሰበትን መከራ እስከዛሬ ያወራል።

እኔ አስፋልቱ ዳር ሞተሬን ተደግፌ ስጠብቅ፣ አጎቴ ኩታውን እየጎተተ ሲሮጥ መጣ። ሽማግሌ ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ና! አንተን ነው የሚፈልገው!»

«ምን ሁነሃል አጎቴ? እኔ እንዴት እገባለሁ?»

«ልጃችሁ ማነው አለ፤ ስሙ ይበልጣል ነው፣ የግብርናው ባለሙያ አልን። ‹ያ ማሳዬን ቢጫ ያደረገው?› ብሎ ጮኸ። አምጡልኝ ብሏል። ና እንጂ! ቆሞ መሞት አለ እንዴ!»

ሄድኩ። አያ መኳንንት በጓሮ ካለው ማሳቸው ዳር እጃቸውን በወገባቸው አድርገው ቆመዋል። ቄስ አዱኛና ጋሽ ሰይድ ጭቃው ጫማቸውን እየሳበው አጠገባቸው አሉ። ዝናሽ ከአጥሩ ሥር የውኃ ጀሪካን ይዛ ቆማለች፤ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች።

ማሳውን አንድ ቦይ ለሁለት ይከፍለዋል። ከቦዩ ወዲያ ያለው ሽምብራ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከቦዩ ወዲህ ያለው ቢጫ፣ ቀጭን፣ ከበሽታ የተነሣ ሰው የመሰለ።

«እይ» አሉኝ። «ሁለቱም ያንተን ጥቁር አፈር ቀምሰዋል። ይኸን ባንተ ቃል ተውኩት። ያንን ከሩዝ የተረፈ ዩሪያ በተንኩለት። ማን ነው ውሸታሙ?»

«ዩሪያ እንዳይጨምሩ ብዬዎት ነበር እኮ…»

«ለሁለቱም አልጨመርኩ! ለአንዱ ነው!» አሉ፤ ቃላቸውን እንደጠበቀ ሰው። «እንግዲህ ስማኝ። ዋልካው መሰንጠቅ ጀምሯል። እርጥበቱ ሳያልቅ ይኸን ቢጫ ገልብጬ ጓያ ካልዘራሁ የዓመቱ ቀለብ ይጎድለኛል። ነገ አርሰዋለሁ። ማሳዬን ላበላሸ ሰው ደግሞ ልጅ አልሰጥም።»

ነገሩ ይህ ነው እንግዲህ። ቢጫው ማሳ ከተገለበጠ ዝናሽም አብራ ተገለበጠች።

ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁና ከአረንጓዴው ወገን አንድ ሽምብራ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁ። ከቢጫውም አንድ አወጣሁ። ዝናሽ ሳትጠራ መጣች፣ ጀሪካኑን አዘንብላ ሥሮቹን አጠበችልኝ። የአረንጓዴው ሥር ልሙጥ ነው። በቢጫው ሥር ላይ ግን ትንንሽ እብጠቶች ተንጠልጥለዋል።

«በሽታ ነው!» አሉ አያ መኳንንት ወደኋላ እያፈገፈጉ። «ኪንታሮት አስይዘኸዋል!»

ቄስ አዱኛ አማተቡ።

«ቤት ነው» አልኩ። «የባክቴሪያዎቹ ቤት። አያ መኳንንት፣ ሽምብራ ስትራብ ዝም አትልም። ከሥሯ አንድ ነገር ወደ አፈሩ ትለቃለች፣ ጠረን እንደማለት ነው። ባክቴሪያዎቹ ያን ሲያገኙ ይነቃሉ። እነሱም በፊናቸው መልስ ይልካሉ።»

«እንዴት ያለ መልስ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«እነሱም የራሳቸውን ምልክት ያዘጋጃሉ። ሥሯ ምልክቱን ትመረምራለች። የባቄላ ወዳጅ የሆነውን ባክቴሪያ ሽምብራ አታስገባውም፤ የአኩሪ አተሩንም አታስገባም። የሚስማማት መሆኑን ካላረጋገጠች በሯን አትከፍትም።»

«ዘር ቆጠራ ነዋ!» አሉ ጋሽ ሰይድ በደስታ። «ወላሂ ዘር ቆጠራ ነው!»

«ከዚያስ?» አሉ አያ መኳንንት። መቆጣታቸውን ረስተው ጎንበስ ብለዋል።

«ከዚያ ከተስማማች የሥሯ ጸጉር ይጠቀለልና ያቅፈዋል። ውስጥ ለውስጥ ቀጭን መንገድ ትሠራለትና…»

ቄስ አዱኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እዚህ ላይ አሳጥረው ልጄ።»

«ቤት ይሠሩና ይኖራሉ። እሷ ስኳር ትሰጠዋለች፤ እሱ ከአየር ምግብ ያዘጋጅላታል።»

«ገብቶ እየበላ ባይሠራስ?»

«ስንቁን ትቀንስበታለች።»

አያ መኳንንት ይህን ወደዱት። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔንም ከእግር እስከ ራሴ ለኩኝ። «ታዲያ ያኛው ለምን ቤት አልሠራም?» አሉ ወደ አረንጓዴው እየጠቆሙ።

«ዩሪያ ስለሰጡት ጠግቧል። የጠገበች ሥር ማንንም አትጣራም።»

አያ መኳንንት ቀና አሉ፣ አንድ ጊዜ ሥሩን፣ አንድ ጊዜ ልጃቸውን አዩ።

«ቆይ። ቀድሞ የሚጣራው ማነው አልከኝ?»

«ሥሯ ናት» አልኩ፣ እንደ አስተማሪ ፈጠን ብዬ።

«እሷ ናት መጀመሪያ?»

«አዎ፣ እሷ…»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ምን እንዳልኩ የገባኝ የጋሽ ሰይድ ዓይን ሲፈጥ አይቼ ነው። ጆሮዬ ጋለ።

«እኔ ስለ ሽምብራ ነው የምናገረው አያ መኳንንት!»

«እኔስ ስለ ምን የጠየቅሁህ መሰለህ?» አሉ ረጋ ብለው። መረጋጋታቸው ከቁጣቸው ባሰብኝ። ዝናሽ ጀሪካኑን አንሥታ ወደ ቤት ሄደች። አንገቷን አቀርቅራለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ታለቅስ ይሆን ትስቅ አላወቅሁም።

ነገሩን ላስቀይስ ብዬ እብጠቱን በአውራ ጣቴ ጥፍር ሰነጠቅሁት። «ውስጡ ደም ከመሰለ ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። የደማችን ዘመድ ነው፣ ይኸው…»

ነጭ ነበር። ሌላ ሰነጠቅሁ፣ ነጭ። ሦስተኛውም ነጭ።

«ነጭ ምንድን ነው?» አሉ።

መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ያቺ ልጅ ጥያቄዋን ሁሉ የጠየቀችኝ እውነት እነግራታለሁ ብላ ነው። «ወይ ገና ነው፣ ወይ የገባው ሰነፍ ነው» አልኩ። «ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።»

«ልጄ ላይ ያለህም ነገር እንዲሁ ነው» አሉ አያ መኳንንት። «ወይ ገና ነህ፣ ወይ ሰነፍ ነህ።»

ቄስ አዱኛ ያድኑኝ ዘንድ ገቡ። «መኳንንት፣ ሽማግሌ በአንድ ቀን ‹እሺ› ተብሎ አያውቅም፤ ‹እንቢ› ተብሎም አይሸኝም። ቀጠሮ ነው ደንቡ። ለኛ የምትሰጠውን ቀጠሮ ለሽምብራውም ስጠው።»

አያ መኳንንት አፈሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ስንጥቁን አዩ። «ለገብርኤል ማግስት» አሉ በመጨረሻ። «ቀይ ሁኖ ካገኘሁት እንነጋገራለን። ነጭ ከሆነ ጓያዬን እዘራለሁ፤ ልጄንም እርሷት።»

ሽማግሌዎቹ ቆመው እንደመጡ ቆመው ተመለሱ። ለአጎቴ መንገድ ላይ ዳቦ ገዛሁለት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አትጠይቁኝ። በየሰበቡ በሞተር በዚያ አስፋልት አልፋለሁ፤ ማሳው እንደሆነ ቢጫ ነው። ሌሊት ሌሊት ስለ ሰነፍ ባክቴሪያ አልማለሁ። በአፈሩ ውስጥ የቆየ የማይረባ ዘር ቀድሞ ገብቶ ከሆነስ? ቤቱን ሠርቶ፣ ስኳሯን እየበላ ዝም ብሎ ተኝቶ ከሆነስ? ጋሽ ሰይድ ጠዋት ጠዋት በሬን አንኳኩተው «እህ፣ ቀላ?» ይሉኛል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ እመልሳለሁ። እሳቸውም «የአንተ እንቁላል ግን ሽባ ይመስለኛል» ይላሉ።

የገብርኤል ዋዜማ ገና ሳይደርስ፣ በገበያ ቀን፣ ጋሽ ሰይድ ከሱቃቸው ጠሩኝ። ፊታቸው አልሳቀም። «መኳንንት ከጎረቤቱ በሬ ተውሷል» አሉ። «የሰው ሁሉ ጓያ በቅሎ የእሱ ባዶ ሊቀር ሆነ፤ እርጥበቱ አላስቀምጥ አለው። ነገ ማለዳ ያርሳል ይላሉ።»

በሰውዬው መቆጣት እንኳ አልቻልኩም፤ ለእኔ ሲሉ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲቸገሩ በምን አፌ እለምናለሁ? ወደ ሞተሬ ተመለስኩ። ወንበሩ ላይ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል።

ፈታሁት። አንድ ቀጭን፣ ቢጫ ሽምብራ ነው፤ ከነሥሩ፣ ታጥቦ። እብጠቶቹ አድገዋል። አንደኛው በጥፍር ተሰንጥቋል፣ ውስጡም ቀይ ነው።

ዙሪያዬን አየሁ። ገበያው ግጥም ብሏል፤ ማንም አላየኝም። ጨርቁን ለጋሽ ሰይድ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ሳቁ። «ይኸ ከእኔ ሱቅ የወጣ ነው። ከዚህ ጣቃ የቀረውን ጫፍ የሸጥኩት ለአንድ ቤት ብቻ ነው። ለማን እንደሆነ ልንገርህ?»

መንገር አላስፈለጋቸውም። ለካ ያ ሁሉ ጥያቄ ጥያቄ አልነበረም። ባክቴሪያ ምን ይበላል፣ ባክቴሪያ ብርድ ይፈራል ወይ፣ ባክቴሪያ ብቻውን ይኖራል ወይ… ልጅቷ ዓመት ሙሉ ስትጣራ እኔ ስለ ማዳበሪያ ሳስረዳት ከርሜያለሁ። በአፈር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እንኳ ከእኔ ፈጥኖ ይሰማል። ደስታና ኀፍረት አንድ ላይ ሆነውብኝ ገበያው መሀል ብቻዬን ሳቅሁ።

ማለዳ ሽማግሌዎቼን ይዤ ደረስኩ። ቀጠሮ ሳይደርስ መሄድ ነውር ነው፤ ቄስ አዱኛ መንገዱን ሁሉ «ይኸ ደንብ አይደለም» እያሉ ነው የመጡት፤ ግን መጡ። በሬዎቹ ተጠምደዋል። አያ መኳንንት እርፉን ይዘው ከቢጫው ማሳ ጫፍ ቆመዋል፣ ጅራፉ በእጃቸው ነው።

«ቀጠሮው ገና ነው። ማን ጠራችሁ?»

ሽምብራዋን ከጨርቁ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። አዩዋት። ቀይዋን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ማሳው ሄደ። በአንደኛው መስመር ላይ እዚህም እዚያም ክፍት ቦታ ነበር።

«ጃርት እየነቀለ አስቸገረኝ እል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ይኸን ከየት አመጣኸው?»

እውነቱን ብናገር ልጅቷን አሳልፌ መስጠቴ ነው። አጎቴ ሊያድነኝ ፈልጎ «ከገበያ ገዛነው» አለ። በዓለም ላይ የሽምብራ ሥር የሚሸጥበት ገበያ ያለ ይመስል።

«እኔ ነኝ የላክሁለት» አለች ዝናሽ።

ከኋላችን ቆማለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «በየማለዳው እየነቀልኩ አየሁት። ትናንት ቀላ። ለርስዎ ባሳይዎ ‹አንቺ የእሱ ወገን ነሽ፣ ታዳያለሽ› ይሉኛል። ሽማግሌ ባለበት ይዩት ብዬ ጠራኋቸው። ልጁንም አስቀድሜ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ እሱማ ሞኝ ነው፣ አይሰማም።»

በሬዎቹ ተነፈሱ። ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት ያያሉ፣ ቄስ አዱኛ በሹክሹክታ ይጸልያሉ። አያ መኳንንት ልጃቸውን አዩአት። ከዚያ ጅራፉን ጣሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከማሳው መሀል ራሳቸው የመረጡትን አንዱን ነቅለው አፈሩን አራገፉ። በዚያ እርፍ ባደነደነው አውራ ጣታቸው እብጠቱን ጨመቁት።

ጥፍራቸው ቀላ።

ሌላ ነቀሉ። እሱም ቀይ ነው። ቀና ብለው በሬዎቹን ወደያዘው ጎረቤታቸው ዞሩ።

«ፍታቸው» አሉ። ቀጥለው ወደ እኛ ዞረው፣ ሽማግሌዎቼ ሲጠብቋት የከረሙትን ቃል ተናገሩ። «ተቀመጡ።»

የት? አካባቢው ሁሉ ጭቃ ነው። ቄስ አዱኛ ግን ነጭ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦዩ ዳር ቁጭ አሉ። ጋሽ ሰይድ ተከተሉ። አጎቴ ጫኔ ከሁሉ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር፤ «እንግዲህ ቆሎው…» ሲል ሰማሁት።

ቢጫው ማሳ በገና ሰሞን አረንጓዴ ሆነ፤ ፍሬውም ደህና ነበር። ዩሪያ የጠገበው ወገን ቅጠል በቅጠል ሆኖ ፍሬው ሳሳ። አያ መኳንንት ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ በዓመቱ ግን ሽምብራቸው ላይ ዩሪያ አልደረሰም። እኔም ከፋሲካ በኋላ በዚያ ቤት አማች ሆንኩ። የገጠሩ ጉዳይ ሁሉ እኔ ተናግሬ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ገበሬ ሲያነጋግረኝ ከመልሴ በፊት ትንሽ ዝም እላለሁ። ምን እየጠየቀኝ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደጠየቀኝም አስባለሁ። እናንተም ምናልባት አንድ ሰው ደጋግሞ ስለማይረባ ነገር የሚጠይቃችሁ ካለ፣ እስቲ ጥያቄውን ተዉትና ሰውየውን እዩት። እኔ አንድ ዓመት አባክኛለሁ፤ እናንተ አታባክኑ።

ከዝናሽ ጋር አንዳንዴ እንኳረፋለን። ትናንት ተኳርፈን ነበር፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ እሷም ይህን ታነባለች። ዛሬ ጠዋት ለሥራ ስወጣ የሞተሬ ወንበር ላይ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ሥራው ይቆየኝ፤ ወደ ቤት እየተመለስኩ ነው።